ከወርቁ ይልቅ ለእጁ ጥበብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ኬልቶች ስለሚባሉት ጥንታዊ የአውሮፓ ሕዝቦች ጌጣጌጥ ባወጣችሁት ጽሑፍ የወርቁ ብዛት እንጂ የአንጥረኛው ጥበብ አለመወሳቱ ቅር አሰኝቶኛል። በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ስኔቲሻም በእርሻ ላይ የተገኘውና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ታላቁ የአንገት ቀለበት ከ1 ኪሎ ግራም ጥቂት ቢበልጥም፣ የሚያስደንቀው ክብደቱ አይደለም። ከወርቅና ከብር ቅይጥ የተበጁ 64 ሽቦዎች ስምንት ስምንት ሆነው እንደ ገመድ ከተገመዱ በኋላ፣ ስምንቱ ገመዶች ደግሞ በአንድነት ተጠማዘዋል። ሲቀጠቀጥ እየጠጠረ የሚሄደውን ቅይጥ በእሳት እያለሰለሱ ይህን ያህል ሽቦ ማውጣት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት! ጫፎቹ ላይ ባሉት ቀለበቶችም፣ ጎላ ብለው በሚጥመለመሉት መስመሮች መካከል፣ የቅርጫት ሽመና የሚመስሉ ረቂቅ ጭረቶች ይታያሉ። እነዚህን ጭረቶች አንባቢ አጥርቶ እንዲያይ፣ በሚቀጥለው እትማችሁ ቀረብ ተደርጎ የተነሣ ፎቶግራፍ እንድታወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ