አያትሽን ለምን እንደማታስታውሻት

ልጄ፣

ባለፈው ሳምንት የድሮ ፎቶዎችን ስናገላብጥ፣ አያትሽ እቅፍ ውስጥ ሆነሽ የተነሳሽውን አይተሽ ዝም አልሽ። ከዚያ አንገትሽን ደፍተሽ፣ ጥፋት እንዳጠፋ ሰው፣ "እማዬ፣ እኔ እኮ ምንም አላስታውሳትም" አልሽኝ። መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፤ የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም። እሷ ስታርፍ ገና 2 ዓመት ከ8 ወርሽ ነበር። አብዛኛው ሰው ወደ ኋላ ሄዶ የሚያገኛት የመጀመሪያዋ ትዝታ ከ3 ዓመት ወይም ከ3 ዓመት ተኩል ዕድሜው ገደማ የምትጀምር ናት። አእምሯችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። ውሏችንን ትዝታ አድርጎ ለማስቀረት ዋናውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ገና አልጠናም። አንቺ አያትሽን የወደድሻት ማስቀመጫው ተሠርቶ ሳያልቅ ነው።

አያትሽን የያዛት አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው የአእምሮ ክፍሎች አንዱም ያው ሂፖካምፐስ መሆኑን ያነበብኩ ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንቺ ውስጥ እየተሠራ የነበረው እሷ ውስጥ እየፈረሰ ነበር ማለት ነው። ሁለታችሁ አንድ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትስቃላችሁ፣ ያን ሳቅ ግን አንዳችሁም ይዛችሁት አልቀራችሁም። ያለው እኔ ጋ ነው።

መርሳት ስትጀምር የሄድንበት ሐኪም "እርጅና ነው" ብሎ መለሰን። እኛም አመንን። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ አለፈ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር በሽታውን የገለጸው እኮ እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው አውቃለሁ። ግን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ፣ ያንኑ ጥያቄ ለአራተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ "አሁን ነገርኩሽ አይደል እንዴ?" ብዬ አልጮህባትም ነበር። ስጮህባት ዓይኗን ወደ መሬት ትጥላለች። ያን አልረሳውም።

እንደዚያ ሆና ብቻ እንድታውቂያት ግን አልፈልግም። እናቴ አራታችንን ያሳደገችን በልብስ ስፌት ነው። ልጅ እያለሁ የስፌት መኪናዋን ድምፅ እየሰማሁ ነበር የምተኛው፤ ድምፁ ሲቆም እነቃለሁ። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ፣ ማታ ማታ ሥራዋን ጨርሳ አጠገቤ ትቀመጥና "እስቲ ዛሬ አንቺ አስተማሪ ሁኚ" ትለኝ ነበር፣ እኔም እንጨት ይዤ ፊደሉን እያሳየሁ አስቆጥራታለሁ። የምታስጠናኝ ነበር የሚመስለኝ። ለካ እየተማረች ነው! መጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጽፋ ስትፈርም አብሬያት ነበርኩ፤ እስክሪብቶውን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ፣ ልክ እንደ መርፌ ነው የያዘችው።

ስሜ ከጠፋባት በኋላ እንኳ እጇ ሥራውን አልረሳም። እጅ የለመደው ሙያ በአእምሯችን ውስጥ የሚቀመጠው በሌላ መንገድ ስለሆነ ቶሎ አይጠፋም ይላሉ፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ያቃተኝን ክር ከእጄ ትቀበልና በአንዴ መርፌው ውስጥ ታስገባዋለች። ከዚያ ቀና ብላ "የማን ልጅ ነሽ?" ትለኛለች።

አንቺን ግን አንድም ቀን የማን ልጅ ነሽ ብላሽ አታውቅም። በእኔ ስም ትጠራሻለች፣ አንቺም "አቤት" ትያታለሽ። ያን ሰሞን ቁልፍ መፍታት ለምደሽ ነበር። ሰማያዊዋን ሹራብሽን አስለብሳ፣ ከታች ጀምራ አምስቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ ትቆልፍልሻለች። እሷ ስትጨርስ አንቺ ትጀምሪያለሽ፣ ምላስሽን አውጥተሽ፣ አንድ በአንድ ትፈቻቸዋለሽ። እሷ መቆለፏን ረስታዋለች። "ውይ የኔ ልጅ፣ ብርድ ሊመታሽ ነው" ትልና እንደገና ከታች ትጀምራለች። አንቺ ጨዋታ ነው ብለሽ ትንከተከቻለሽ፤ ሳቅሽ ሲጋባባት እሷም ትስቃለች። በር ላይ ቆሜ ምን ያህል ጊዜ እንዳየኋችሁ አልቆጠርኩም። ያን ጊዜ የምሠራው ሥራ ነበረኝ፣ እየቸኮልኩም ነበር፣ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ሳውቀው በጣም ነው የገረመኝ። የሴት ልጅ እንቁላሎች የሚሠሩት ገና በእናቷ ማህፀን ውስጥ እያለች ነው፤ ስትወለድ ይዛቸው ነው የምትወለደው። ስለዚህ አንቺ የተገኘሽባት እንቁላል እኔ በአያትሽ ሆድ ውስጥ ሳለሁ ነበረች። እናቴ እኔን አርግዛ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ስትሰፋ እንደነበር ነግራኛለች። ያኔ የመኪናው ድምፅ እኔ ጋ ሲደርስ፣ አንቺም በዚያች ቅንጣት ልክ እዚያው ነበርሽ።

ሹራብሽን አስቀምጬልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። የላይኛው ቁልፍ ተበጥሶ ነበር፤ መልሳ የሰፋችው እሷ ናት፣ ለማረፍ ሁለት ወር ሲቀራት። ክሩ ቀይ ነው። ከሹራቡ ጋር አይሄድም፣ ግን ስፌቱን እይው፤ እስከዛሬ አልላላም።

እናትሽ