ፎቶውን ተዉት፣ ጽሑፉን ስጡኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር የምኖር ዓይነ ስውር መምህር ነኝ። ኮምፒውተር እጠቀማለሁ ስል ሰው ይገረማል። ኤንቪዲኤ የሚባል ነፃ የስክሪን አንባቢ አለ፤ የተጻፈውን በድምፅ ያነብልኛል። አማርኛም ይችላል። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚንኳኳ ጠጠር ነው፤ ለምጄዋለሁ።

በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ አወጣ ተባልኩና ገጹን ከፈትኩ። አንባቢዬ «ግራፊክ» ብሎ የማይገባኝ ቁጥር ደረደረልኝ። ለካስ ማህተም የተመታበትን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስተው ነው የለጠፉት! ማታ ያነበበልኝ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው ሰፈር ሲመላለስ የዋለ የባጃጅ ሹፌር ጎረቤቴ ነው። «ነገ ነው የሚያበቃው። አብሽር ጋሼ፣ ይደርሳል» አለኝ።

ጠዋት እሱ ሥራ ሄደ፤ እኔ ፎርሙን ለብቻዬ ጀመርኩ። ሳጥኖቹ ስም የላቸውም። «ኤዲት»፣ «ኤዲት»፣ «ኤዲት» ብቻ። የቱ የአያት ስም፣ የቱ ስልክ እንደሆነ በግምት ሞላሁ። መጨረሻ ላይ ሮቦት አለመሆኔን ላረጋግጥ ሥዕል ውስጥ ያሉ የተጣመሙ ፊደላት ጻፍ ተባልኩ። በድምፅ የሚሰማ አማራጭ የለም። ማየት የማይችል ሁሉ ሮቦት ነው እንዴ? ጎረቤቴ እስኪመለስ ቀኑ አለፈ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ለእያንዳንዱ ሳጥን ኮዱ ውስጥ ስም መስጠት። ፎቶ ሲለጠፍ ምን እንደሚያሳይ የሚናገር አንድ መስመር ማስገባት። ማህተሙ ካስፈለገ ፎቶውም ይኑር፤ ከሥሩ ግን ጽሑፉ ይከተል። መጀመሪያውኑ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አይደል? ኮፒ ማድረግ ነው። ታዲያ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈውን እንዳለ እንዳትጭኑት። አንባቢዬ ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አድርጎ ነው የሚያነበው። ፊደላችን እኮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ውስጥ ገብቷል።

ውለታ ጠየቀ እንዳልባል፣ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ስለ ተደራሽነት የሚደነግገው አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስሙ ይጠራዋል።

ይህን ደብዳቤ ካወጣችሁት ድረ ገጻችሁ ላይ በፎቶ አትጫኑት። ስንት ቃል እንደቆረጣችሁብኝ ራሴ ላንብበው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ