«ላይክ» ያለበት ሁሉ አነጻጻሪ ዘይቤ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ተማሪዎች ለምን ይወድቃሉ የሚለው ክርክር በገጾቻችሁ ላይ ይነሣል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ናቸው ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን እጥረት፣ ስለ መጻሕፍት ስርጭት ብዙ ተብሏል። አንዲት ጠባብ ነገር ግን ስትነሣ አይታይም። ተማሪው አጭር የእንግሊዝኛ ምንባብ ሲቀርብለት፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወቃቸው፣ መልሱን ለምን ይስታል? ጉዳዩ የእንግሊዝኛ መምህራን ብቻ አይደለም፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩም ባዮሎጂውም የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነውና።

አቋሜ አጭር ነው። የዘይቤ ስም ማስጠናቱን እንቀንስና ማስረጃ መጠየቅ እንጀምር። ተማሪው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ አነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ምጸት፣ ግነት እያለ ስማቸውን ለቅሞ መጥቷል። በእንግሊዝኛው ክፍል «ሲሚሊ»፣ «ሜታፎር»፣ «ፐርሶኒፊኬሽን» እያልን ያንኑ እንደገና እናስጠናዋለን። ስሙን ያወቀ ትርጉሙን ያወቀ ይመስለናል።

ጥፋቱ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ «እንደ» ተብለው በሚተረጎሙት በ«ላይክ» እና በ«አዝ» ላይ ነው። «እነዚህ ቃላት ካሉ አነጻጻሪ ነው» ተብሎ የተነገረው ልጅ፣ ሰውየው በጥበቃ ሠራተኛነት ይሠራል የሚለውን «ወርክስ አዝ ኤ ጋርድ» ያከብበዋል። ልጅቷ እናቷን ትመስላለች የሚለውን «ሉክስ ላይክ ኸር ማዘር»ም ያከብበዋል። የመጀመሪያው ሥራን ይነግረናል፤ ሁለተኛው የእውነት መመሳሰልን። ሁለቱም ዘይቤ አይደሉም። ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የራሳችን «እንደ» አለች። «እንደ አንበሳ አገሳ» እና «እንደ መጣ ተኛ» በሚሉት ውስጥ ያሉትን ሁለት «እንደ»ዎች የሚያምታታ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ይህን ያየ ልጅ በ«አዝ» ላይም አይቸገርም።

አሁን አንድ ምንባብ ልዘርጋ። ለዚሁ ደብዳቤ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው፤ እንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«ማርታ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። ማንቆርቆሪያው እሪ አለ። ‹ግሩም ነው!› አለች፤ ‹ዛሬ የጎደለኝ ይኸው ብቻ ነበር።› ውጭ፣ መንገዱ የጃንጥላ ወንዝ ነበር።»

ጥያቄው ከምንባቡ ምን መረዳት ይቻላል የሚል ነው። አማራጮቹ፦ ሀ) ደብዳቤው ማርታን አስደስቷታል። ለ) ማርታ ከሥራ ተባርራለች። ሐ) መንገዱን ጎርፍ አጥለቅልቆታል። መ) ደብዳቤው ማርታን ረብሿታል።

መልሱ «መ» ነው። ለመምህሩ የሚጠቅሙት ግን ሦስቱ ስሕተቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የተለየ በሽታ ያሳያሉ። «ሀ»ን የመረጠ ልጅ «ግሩም»ን እንዳለ ወስዶታል። «ሐ»ን የመረጠ «ወንዝ»ን እንዳለ ወስዶታል። «ለ»ን የመረጠው ልጅ ደግሞ ጎበዝ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ነገሩ ጥሩ እንዳልሆነ ገብቶታል፤ ከዚያ ግን ታሪኩን ራሱ ጨረሰው። ስለ ሥራ የሚያወራ አንድ ቃል ምንባቡ ውስጥ የለም። መባረሯ ሊሆን ይችላል፤ ሞትም፣ የቤት ኪራይ ጭማሪም ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» እና «ምንባቡ ያሳያል» የተለያዩ ናቸው። ፈተና አውጪውም «ለ»ን የሚያስገባው ይህን ልጅ አስቦ ነው።

የማንቆርቆሪያዋ ነገር ብዙ ያስተምራል። የእንግሊዞች ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ ፊሽካ ያለበት ዓይነት አለ፤ ውኃው ሲፈላ ያፏጫል፤ የተለመደውም ግስ «ዊስል» ነው። ጸሐፊው ግን «ስክሪምድ» አለ፤ እሪ አለ ማለት ነው። ዕቃ እሪ አይልም፤ ስለዚህ ሰውኛ ዘይቤ ነው ብለን ብናቆም ምንም አላገኘንም። መጠየቅ ያለበት፦ ለምን ማፏጨትን ትቶ እሪታን መረጠ? ማርታ አልጮኸችም፤ እሪታው የእሷ ነው፤ ጸሐፊው ለዕቃው ሰጠላት። ማስረጃችን «አልተቀመጠችም» የሚለው ነው። ሁለቱ ሲደመሩ «ግሩም ነው» የሚለው ምጸት፣ ማለትም ተቃራኒውን ለማለት የተነገረ መሆኑ ይገለጣል።

ምጸት ለምን ይበልጥ እንደሚያመልጥም ከዚሁ ይታያል። የማንቆርቆሪያ እሪታ ከዓለም ጋር ይጋጫል፤ አንባቢው ወዲያው ይነቃል። «ግሩም ነው» ግን ራሱን ችሎ ሲነበብ እንከን የለበትም፤ የሚጋጨው ከጎረቤቱ ዓረፍተ ነገር ጋር ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሮችን ነጣጥሎ የሚተረጉም ተማሪ ምጸትን ሊያይ አይችልም። ምንባቡን በስልክ መተርጎሚያ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያስገባ የሚያነብም እንደዚያው።

ወደ «የጃንጥላ ወንዝ» እንሂድ። እንግሊዛዊው ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ በ1936 እ.ኤ.አ. ለተለዋጭ ዘይቤ ሁለት ወገን ስም ሰጥቶ ነበር፤ የሚነገርለትን «ቴነር»፣ የተመሰለበትን «ቬሂክል» አለው። ክፍል ውስጥ ስሞቹ አያስፈልጉም፤ ሁለት ዓምድ ይበቃል። በአንዱ «በመንገዱ ላይ ጃንጥላ የያዘው ሕዝብ»፣ በሌላው «ወንዝ» ተብሎ ይጻፍ። ከወንዙ ሥር የወንዝ ጠባያት ይዘርዘሩ፦ ይፈስሳል፣ አይቋረጥም፣ ያሰምጣል፣ ዓሣ አለበት፣ ያረሰርሳል፣ ጠብታው ከጠብታው አይለይም። ከዚያ ምንባቡ የማይፈቅደው ይሰረዝ። ዓሣው፣ መስመጡና ማረስረሱ ይሄዳሉ፤ መፍሰሱ፣ አለመቋረጡና ሰው ከሰው አለመለየቱ ይቀራሉ። የቀረው ነው ትርጉሙ፤ ብዙ ሕዝብ ፊቱ ሳይታይ ተጠጋግቶ ያልፋል። ከስድስት ሦስት ከቀረ ጥሩ ሥራ ነው። ሁሉንም ያስቀረ ልጅ አልመረጠም፤ ሁሉንም የሰረዘም ምንባቡን አላመነም።

እዚህ ላይ ለእኛ ተማሪዎች የተለየ ወጥመድ አለ። ጃንጥላ ለአገራችን ሰው የዝናብ ብቻ አይደለም፤ የፀሐይም ነው። ጥምቀትን ያየ ልጅ የጃንጥላ ወንዝ ሲባል ታቦት አጅቦ የሚወርድ ሕዝብ ቢታየው አይፈረድበትም። በእንግሊዝ ከተማ ታሪክ ውስጥ ግን ጃንጥላ ዝናብን ይጠቁማል፤ ያም ቢሆን ጠንካራ ግምት እንጂ የተነገረ ነገር አይደለም። ዝናቡ ራሱም እንዲሁ ነው። ለገበሬ ልጅ ዝናብ በረከት ነው፤ በብዙ የእንግሊዝኛ ታሪክ ግን የጨፈገገ ስሜት ማሳያ ሆኖ ይመጣል።

ቅኔን በተመለከተ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። «ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ ሜታፎር አይከብደውም» ሲባል እንሰማለን። ግማሹ እውነት ነው፤ ከቃሉ ጀርባ መፈለግን ቅኔ ያስተምራል። ነገር ግን የሰምና ወርቅ መክፈቻ ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ነው። «አባይ» ሲባል ወንዙም ዋሾውም በአንድ ድምፅ ይገባሉ፤ ወርቁ ሲገኝ ሰሙ ይቀልጣል። በተለዋጭ ዘይቤ ግን የሚቀልጥ ነገር የለም። ወንዙ ወንዝ ሆኖ ካልቆየ ንጽጽሩ ይፈርሳል። ስለዚህ በሰምና ወርቅ ብልሃት ብቻ የሚገባ ልጅ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ሲያስስ ይቆያል፤ ወይም ያልተሸሸገ ምሥጢር ያወጣል። «ለ»ን ከመረጡት አንዱ እሱ ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር ቃል በቃል የሚመሳሰል ፈሊጥ ነው። በእንግሊዝኛ «ሂ ኤት ሂዝ ወርድስ» ቢባል ሰውየው የተናገረው ስሕተት መሆኑን አመነ ማለት ነው፤ በእኛ «ቃሉን በላ» ከተባለ ግን ቃል ኪዳኑን አፍርሷል። «ኸር ሃርት ስዌልድ» ደስታና ኩራት ነው፤ «ልቧ አበጠ» ትዕቢት ነው። እግር መጎተት በእንግሊዝኛ፣ የሌላ ሰው እግር ከሆነ፣ ቀልድ ነው፤ በእኛ ማንገራገር ነው። ጉጉት በእንግሊዝኛ ተረት የጥበበኛ ምስል ናት፤ እኛ ዘንድ ድምፅዋ ገድ የለውም። ተማሪው የማያውቀውን ፈሊጥ ሲያገኝ ይጠነቀቃል፤ የሚያውቀው የሚመስለው ነው የሚጥለው። የማጠናከሪያ መጻሕፍት ለኃይለኛ ዝናብ የሚባለውን፣ ድመትና ውሻ የሚዘንብበትን ፈሊጥ ከሚደጋግሙ እነዚህን ጥንዶች ቢያትሙ ይሻል ነበር።

ስለ ጥያቄው ቃል ባጭሩ። «አኮርዲንግ ቱ ዘ ፓሴጅ» (በምንባቡ መሠረት) የሚል ጥያቄ በምንባቡ በግልጽ የተነገረውን ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ መመራመር ጉዳት ነው። «ኢንፈር» (ከተነገረው ተነሥተህ ተረዳ) ሲል ግን መልሱ በዚያው ቃል ተጽፎ አይገኝም። «ኢምፕላይ» (በተዘዋዋሪ መጠቆም) የጸሐፊው ሥራ ነው፤ «ኢንፈር» የአንባቢው። «ኦልዌይስ» (ሁልጊዜ)፣ «ኔቨር» (በጭራሽ)፣ «ኦንሊ» (ብቻ) ያለበትን አማራጭ ሁለቴ ማየት ይበጃል፤ አራት ዓረፍተ ነገር «ሁልጊዜ»ን የሚሸከም ማስረጃ አያወጣም። «ኖት አንሃፒ» ዓይነት ድርብ አሉታም አለ፤ «አልከፋውም» እንጂ «ተደሰተ» ላይሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ለማስለመድ ከአንድ ክፍለ ጊዜ 15 ደቂቃ በቂ ነው። ከ60 እስከ 80 ቃል ያለው አንድ ምንባብና ሦስት ጥያቄ ይሰጥ። መልሱ «ይህ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ምንባቡ ይህን ይላል» ተብሎ ይጻፍ። ለትርጉሙ አንድ ነጥብ፣ ከምንባቡ ተቀንጭቦ ለተጠቀሰው ቃል አንድ ነጥብ። ቃሉን መጥቀስ ያልቻለ ልጅ መልሱ ቢገጥም እንኳ ግማሹን ብቻ ያግኝ። መጀመሪያ ላይ ቅሬታ ይበዛል፤ በምርጫ ጥያቄ የለመደ ተማሪ «ለምን?» መባል አይወድም። ክፍሉ ትልቅ ከሆነ የሁሉንም ማረም ስለማይቻል ተማሪዎቹ ጥንድ ሆነው ይተራረሙ፤ መምህሩ አሥሩን ብቻ ያንብብ።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። በትምህርት ዓምዳችሁ የሞዴል ፈተና ስታወጡ መልሱን በፊደል ብቻ ታስቀምጣላችሁ፤ 1. መ፣ 2. ሀ እያላችሁ። ጥያቄውን ከሃያ ወደ አምስት ቀንሳችሁ፣ ከእያንዳንዱ መልስ ሥር ሦስቱ የተሳሳቱ አማራጮች በምን እንደወደቁ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብታትሙልን ቦታው ያው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር