የአይሲቲ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሊኑክስ የገባበት ዓመት

ጥቅምት 4 ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ አቋረጠ። የአይሲቲ ክፍላችን ኮምፒውተሮች ደግሞ ዕድሜያቸው ስለገፋ ዊንዶውስ 11ን አይችሉም። ክበቡ ተወያይቶ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ፣ በነፃ የሚገኝ የሊኑክስ ዓይነት የሆነውን ሊኑክስ ሚንትን መረጠ፤ ቀለል ያለው እትሙ 2 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ባለው ማሽንም ይሠራል።

የጫኑት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። አንዲት ፍላሽ ከማሽን ማሽን ዞረች፤ የፈቃድ ቁጥር የለ፣ "ክራክ" (ፈቃድ ማለፊያ ፕሮግራም) ፍለጋ የለ። በየፍላሹ እየመጣ ፋይላችንን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስም ለዊንዶውስ የተጻፈ ነውና እዚህ አልሠራለትም። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ኦዳሲቲ ላይ ድምፅ መቁረጥ ከለመዱ ወዲህማ ክፍሉን አስለቅቋቸው ብትሉኝ አልችልም።

ችግሩ የመጣው ከቢሮ ነው። ያለፉ ዓመታት የአማርኛ ፈተናዎችን በነፃው የቢሮ ሥራ ፕሮግራም በሊብሬ ኦፊስ ስንከፍት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ወጣብን። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ፋይሎቹ የተጻፉት በድሮዎቹ ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ የግዕዝን ቅርጽ ስለሚያስቀምጡ፣ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሆሄያቱን እየተካ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር አጭር ፕሮግራም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉ። አንድ ሆሄ ከሁለት ምልክት በሚገጣጠምበት ቦታ ገና ይስታል፤ ቢሆንም በእኔ ግምት የዓመቱ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

የተማሪዎች ውጤት የሚጠናቀርበት ሮስተር ግን እምቢ አለ። በኤክሴል ማክሮ (ሥራውን በራሱ የሚያከናውን ትዕዛዝ) የተሠራው ማጠናቀሪያ በሊብሬ ኦፊስ ሰንጠረዥ በካልክ ላይ ደረጃ ስለማያወጣ፣ ያ ኮምፒውተር ዊንዶውሱን ይዞ ቀርቷል። ተገቢ ነው፤ ሰኔ ላይ ካርድ ለሚጠብቅ ወላጅ ስለ ሶፍትዌር ነፃነት ማውራት አያዋጣም።

ሌላው ወጪ ኢንተርኔት ነው። ሶፍትዌሩ በነፃ ቢገኝም ማሻሻያው ዳታ ይበላል፤ ሁሉም ማሽን ለየብቻው ሲያወርድ ፓኬጁ አይበረክትም። አሁን አንዱ ኮምፒውተር ያወርዳል፣ ሌሎቹ በኬብል ከእሱ ይወስዳሉ። መብራት በመሃል ሲጠፋ ግን ጭነቱ ተቋርጦ እንደገና የተጀመረበት ጊዜ አለ።

ለመስከረም ያደረው ሥራ ፕሪንተሩ ነው። አምራቹ ፕሪንተሩን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባ ድራይቨር ስላላወጣለት፣ እስካሁን የምናትመው በሮስተሩ ኮምፒውተር በኩል ነው።