ስለ ይግባኙ ለጠየቅሽኝ

ሚጣዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

መልእክትሽን አየሁት። «አባዬ፣ ጥፋቱ የኛ ከሆነ ይግባኝ ምን ይሠራል?» ብለሻል። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ጥፋቱ የኛ ነው፣ አልክድም። ያን ቀን አይሱዙአችን 120 ካርቶን ጽጌረዳ ከባቱ ጭኖ ወደ ቦሌ ሲመጣ፣ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ሞጆ ላይ ቆመ። ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ማቀዝቀዣውን አጠፋው። ከምሳው በኋላ የሚያውቀው ሰው አገኘ፣ ቡና ተባለ፣ ሁለት ሰዓት ሄደ። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው የሙቀት መመዝገቢያ ግን ቡና አልጠጣችም። ከባቱ ሲነሳ 3 ዲግሪ፣ ሞጆ ላይ 13 ብላ መዘገበች። ጽጌረዳ ደግሞ አንዴ ከሞቀ ተመልሶ ቢቀዘቅዝም አይድንም። ጤዛ ይይዛል፣ በጤዛው ላይ ግራጫ ሻጋታ ይወጣበታል።

የተጎዳው ግን በበሩ በኩል የነበረው ነው። የቦሌው ርክክብ ወረቀት 46 ካርቶን ተመላሽ ሆነ፣ 74ቱ ተጫነ ይላል። የአበባው ባለቤቶች ከሰሱኝና ፍርዱ የ120ውንም ዋጋ ክፈል አለኝ።

እንዴት ብትይ፣ እዚህ ላይ እኔም አለሁበት። ያኔ የያዝኩት ጠበቃ «ሁሉንም እንካድ» አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። መልሳችን ከላይ እስከ ታች ክህደት ሆነ። ማቀዝቀዣው አልጠፋም፣ አበባው ሲጫንም ደህና አልነበረም፣ ምኑ ቅጡ። የመመዝገቢያዋ ወረቀት ሲቀርብ ጉድ ሆንን። ስለ ካሳው መጠን ግን አንዲት መስመር አልጻፍንም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ ለይተሽ ያልካድሽው ነገር እንዳመንሽ ይቆጠራል።

ሾፌሩን አሁን ምስክር አድርገን እናቅርበው ያልሽው አይሆንም። ይግባኝ ላይ አዲስ ነገር ማንሳት በዚሁ ሕግ ቁጥር 329 የተከለከለ ነው። ተስፋ የሰጠኝ የርክክቡ ወረቀት ቀድሞውኑ መዝገቡ ውስጥ መኖሩ ነው። ያያያዙትም ከሳሾቹ ራሳቸው ናቸው! ጉዳት ደረሰብን ለማለት አቀረቡት፣ ቁጥሩን ቆም ብሎ ያየው ግን የለም። «በሥር ፍርድ ቤት (መጀመሪያ በፈረደው) ያልተነሳ ክርክር ነው» ማለታቸው አይቀርም። እኛ ደግሞ ማስረጃው ዳኛው ፊት ነበር፣ ካሳን ከጉዳቱ ጋር ማመዛዘን የፍርድ ቤቱ ሥራ ነው ብለናል። ያዋጣል ወይ? አዲሷ ጠበቃ «ፊፍቲ ፊፍቲ ነው ጋሼ» አለችኝ። እኔ ከዚያ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ግን ባለጉዳይ ምን ጊዜም ለራሱ ያደላል።

ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። የፍርዱን ግልባጭ ለማግኘት ብቻ 19 ቀን ተመላለስኩ። በ41ኛው ቀን አስገባን። አሁን «ያስቀርባል» የሚለውን ቃል፣ ማለትም ሌላው ወገን ተጠርቶ መልስ ይስጥ መባሉን፣ እየጠበቅን ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስህተት ካልታየው ሌላውን ወገን ሳይጠራ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል።

ይግባኝ ስላልሽ ብቻ ደግሞ የፍርዱ አፈጻጸም አይቆምም። የአፈጻጸም እግድ ለብቻው ይጠየቃል። ጠይቀን ተፈቅዶልናል። የ46ቱን ካርቶን ዋጋ ግን ማንም ሳያስገድደኝ ፍርድ ቤት አስይዣለሁ። ያ የነሱ ገንዘብ ነው። የምከራከረው በ74ቱ ላይ ብቻ ነው።

ሾፌሩን አላባረርኩትም። ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፣ ሁለት ሰዓት ተሳስቷል። አሁን ሞጆ ላይ አይቆምም፤ ምሳውን በፌስታል ይዞ ይወጣል።

የይግባኙን ማመልከቻ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ አንብቢና ያልገባሽን ጠይቂኝ። እናትሽ ስትደውል መኪናው ሊያዝብን እንደነበር እንዳታነሺባት። ጋራዥ ነው ብያታለሁ።

አባትሽ