የጋራ የጤና መረጃ ሲዘረጋ የቀን አቆጣጠራችን ይታሰብበት

ክቡር አዘጋጅ፦

የአፍሪካ አገራት የበሽታ መረጃቸውን በጋራ ሥርዓት እንዲለዋወጡ የሚደረገውን ጥረት ከልብ እደግፋለሁ። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የጤና መረጃ ባለሙያ ሆኜ ስለማገለግል ግን፣ ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ በመዝገብ ክፍል ጎልቶ የሚታይ አንድ ጉዳይ ለሚመለከታቸው ሁሉ ማሳሰብ እወዳለሁ።

ሶፍትዌር ጠፍቶ አይደለም። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት፣ በደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ ከተጀመረ ሥራ ተነሥቶ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የዳበረ ሲሆን፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ኬንያ ትሠራበታለች፤ እኛም ወርሃዊ ሪፖርታችንን የምናስገባው በእርሱ ነው። ሆኖም ሁለት አገራት በአንድ ሶፍትዌር ስለሞሉ ብቻ የሞሉት ቁጥር ለንጽጽር ይበቃል ማለት አይደለም።

የእኛ ወርሃዊ ሪፖርት ካለፈው ወር 21 እስከ ያዝነው ወር 20 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። በዚህ መሠረት የመስከረም ሪፖርት ነሐሴ 21 ይጀምርና ጳጉሜን ጠቅልሎ መስከረም 20 ይዘጋል፤ 35 ቀን፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ደግሞ 36 ቀን ማለት ነው። የኬንያ ሴፕቴምበር ግን 30 ቀን ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በሕመምተኛው ብዛት ላይ ምንም ለውጥ ባይኖር እንኳ የእኛ ቁጥር በአንድ ስድስተኛ ልቆ ይታያል። ይህ የሚሆነው ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት ወቅት ስለሆነ፣ የቀን ብዛት ያመጣውን ጭማሪ በሽታው ካመጣው ለመለየት ያስቸግራል። እያንዳንዱ ታካሚ የመጣበት ቀን በመዝገባችን ተጽፎ ሳለ ወደ ላይ የሚሄደው ድምሩ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

መፍትሔው ከእጃችን የራቀ አይደለም። የወረርሽኝ ቅኝት ሪፖርታችን ሳምንታዊ ሲሆን ከሰኞ እስከ እሑድ ይቆጠራል፤ ሰኞ ደግሞ በሞያሌ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ሰኞ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኤምፖክስ ሕመምተኛ ግንቦት 2017 ዓ.ም. የተገኘው በዚችው ከተማ መሆኑ ይታወሳል። ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ አገራት የአንድን የጤና ክስተት አሳሳቢነት በገመገሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ይሁንና መረጃው በዋና ከተሞች በኩል ዞሮ እስኪደርስ ድረስ፣ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ሳይነጋገሩ ሊቆዩ አይገባም።

ድንበሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች በዚሁ በቃሊቲ በኩል ነው የሚያልፉት። የቲቢ ሕክምና የጀመረ አሽከርካሪ ለስድስት ወር መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ወዲያ ማዶ ቢታመም ግን ለሚያየው ሐኪም የሚያቀርበው ማስረጃ ኪሱ ውስጥ ያለችው ካርድ ብቻ ናት። እርሷም በላብና በናፍጣ ደብዝዛ ትገኛለች፤ ብትነበብ እንኳ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው 2017 ለዚያ ሐኪም ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ ሕክምና ይመስለዋል። ታካሚው እዚያ መድኃኒቱን እየወሰደ እያለ፣ እኛ ዘንድ ሕክምናውን እንዳቋረጠ ተቆጥሮ ይመዘገባል።

የሰው ሕመም ድንበር ተሻግሮ ሲላክ ጥንቃቄ እንደሚያሻ አልዘነጋሁም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ስለዚህ ስም የማያስፈልገው የወረርሽኝ ቅኝት በአንድ መንገድ፣ ስም የግድ የሚለው የታካሚ ዝውውር ደግሞ በታካሚው ፈቃድ በሌላ መንገድ ይሂድ።

የአፍሪካ በሽታ መከላከልና መቆጣጠር ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤት ጥር 2015 ዓ.ም. የተመረቀው በከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ማዕከሉና ጤና ሚኒስቴር ከጎረቤት አገራት ጋር ሲስማሙ፣ ለንጽጽር የሚቀርበው ቁጥር ሳምንታዊ እንዲሆን፣ በዝውውር ወረቀትና በሕክምና ካርድ ላይም ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ ይወስኑልን። የተሰበሰበውም መረጃ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ፤ ጅቡቲ ላይ ኮሌራ ቢታይ፣ ከዚያ የመጣ አሽከርካሪ ተቅማጥ ይዞት ካርድ ክፍል ሲቆም ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን በዚያው ሳምንት ልናውቅ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጤና መረጃ ባለሙያ
ከአቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ