የዋንዛው ሽበት

ይድረስ ለልጄ ሐያት፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ጅማ ዝናቡን ታወርደዋለች።

ከሚኒሶታ የላክሽውን የንብ ፎቶ እናትሽ አሳየችኝ። ወገቧ ላይ ዝገት የመሰለ ምልክት ያላት። ያቺ ጠጉራም ነገር ጢንዚዛ መስላኝ ነበር! በፈረንጆቹ 2017 የአሜሪካ መንግሥት ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ አስገባት አልሽኝ። ከዚያ ደግሞ «ያ የዋንዛው ሽበት አለ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ።

አለ። ምን ይሆናል ብለሽ!

ትናንት ግንዱ ላይ የተለጠፈውን ጠጋ ብዬ አየሁት። በበጋ ስትነኪው የሚፈረፈረው አሁን ረጥቦ እንደ ቆዳ ለስልሷል፤ አረንጓዴ ቢጤም ሆኗል። እናንተ ላይከን የምትሉት ነው። ጎረቤታችን ግን ቡናው ላይ ያለውን «ቡናዬን ይመጥጥብኛል» እያለ በቢላ ይፍቀዋል። ሥር የለውም፣ ግንዱን መቀመጫ ነው ያደረገው አልኩት። ፈንገስና አልጌ በአንድ ጎጆ የሚኖሩበት ነው፤ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ይሠራል፣ ፈንገሱ ያስጠልለዋል አልኩት። ማን ሰምቶኝ! ይፍቃል።

ሽበቱ ውሃ ሲጠፋ ይተኛል፣ ሲዘንብ ይነሳል። ያንቺዋ ንብ እንዲህ አይሆንላትም። የእናንተን በረዶ የምታልፈው አዲሷ ንግሥት ብቻ ናት፣ አፈር ውስጥ፣ ለብቻዋ። ስትወጣ አበባ ካጣች፣ ወይም የተረጨ መድኃኒት ከጠበቃት፣ ቤቱ ሳይጀመር አለቀ።

ይህን ሳስብ ጣዝማ፣ ያቺ መሬት ውስጥ ማር የምትሠራው ትንሽ ንብ፣ ትዝ አለችኝ። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አራት ዓመት ሲሆንሽ ሳል ይዞሽ አልለቅ አለ። ከቡናው ማሳ ጀርባ የጣዝማ ቀዳዳ አውቅ ነበር። ቀጭን ሰንበሌጥ እየሰደድኩ፣ እሱን ተከትዬ ቆፈርኩ። ማሩ ጣት በሚያካክሉ የሰም ማሰሮዎች ተደርድሯል፤ ቀጭን፣ ጎምዛዛ። ሁሉንም ወሰድኩት። ንግሥቲቱ ሆዷ ከብዶ መብረር እንደማትችል ያን ጊዜ አላውቅም። ጉድጓዱን እንኳ አልደፈንኩም። በማግስቱ ብሄድ ጉንዳን ወርሶታል።

ሳልሽ ለቀቀሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬም ቢይዝሽ መቆፈሬ አይቀርም። ግን ግማሹን እተውላት ነበር፣ አፈሩንም መልሼ እከድንላት ነበር።

ስትመጪ ቦታውን አሳይሻለሁ። ቡናውን ሰኞ በሰው እልካለሁ። እናትሽ ቆልታዋለች፤ ጥሬውን ከፈለግሽ ቶሎ ደውይ።

አባትሽ